ጋሽ አድማሱ የሚቀመጡባቸው ሣጥኖች

ቡሬ አዲስ ሥራ ስጀምር የምሞላው ቅጽ ሰጡኝ። «የቀድሞ የሥራ ልምድ» ከሚለው ፊት የተተወልኝ ቦታ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «እንጨት ሥራ፣ ስድስት ዓመት» ብዬ ጻፍሁ። ቅጹን የተቀበለችኝ ልጅ አየችውና፣

«ምን ምን ትሠራ ነበር?» አለችኝ።

«መሳቢያ።»

«መሳቢያ ብቻ?»

«የመሳቢያ ጥግ።»

ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅሁ። መጋዘን ውስጥ ጆንያ ለሚረከብ ሰው የመሳቢያ ጥግ ምን ይረባዋል። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ያቺ አንድ መስመር ውሸት ሆና ታየችኝ። ውሸት ስል፣ ስድስቱ ዓመት እውነት ነው። ውሸት ያደረጋት ያልጻፍሁት ነው።

የሥራ ዘመኑን የሚጽፍ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እኔ ሃያ ሰባት ዓመቴ ነው። ነገር ግን ያ ሥራ ለእኔ አልቋል፤ አልመለስበትም። ወንድሜ አለኸኝ ከሞተ አምስት ወሩ ነው። ስለ እሱ ልጽፍ ስነሣ ስለ ሥራው ይሆንብኛል። ስለ ሥራው ልጽፍ ስነሣ ስለ ቅናቴ ይሆንብኛል። እንግዲህ እንደ መጣልኝ እጽፈዋለሁ። ቃሉ ቢደናቀፍብኝ ይቅር በሉኝ፤ የተማርሁት እስከ አሥራ ሁለተኛ ነው።

የተወለድነው ፈረስ ቤት አጠገብ ነው። ሁለታችንም ለትምህርት ፍኖተ ሰላም ወርደን አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ስንቁን እናታችን በየሳምንቱ ትልካለች። አለኸኝ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። እናቴ «ታላቅህ ነው፣ አያ በለው» ትለኝ ነበር፤ እኔ ግን በስሙ ነው የምጠራው። አሥረኛ ክፍልን ሲጨርስ ትምህርቱን ተወና ጋሽ አድማሱ እንጨት ቤት ገባ።

«አንዳችን እንማር፣ አንዳችን እንሥራ» አለኝ።

ማን እንደሚማር አልጠየቀኝም። እኔ ተማርሁ። ውጤቱ ሲመጣ ለዩኒቨርሲቲ የሚያበቃ አልሆነም። ምን ይደረግ፤ እኔም እሱ ወዳለበት ገባሁ።

ስገባ አለኸኝ ስም አትርፎ ነበር። «እጀ ወርቅ» ይሉታል። ደንበኛ ገና ከበሩ ላይ ሆኖ «አለኸኝ አለ?» ይላል። እኔ «የአለኸኝ ወንድም» ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ በብርጭቆ ወረቀት ሳንቃ ሳለሰልስ ስማቸው መባሌን የሚያውቅ አንድ ደንበኛ አልነበረም።

ጋሽ አድማሱ አጭር፣ ቀጭን ሰው ናቸው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ ይባላል፤ ለምን ቅኔውን ትተው ወደ እንጨት እንደ መጡ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ብዙ ልማድ አላቸው። አዲስ ሳንቃ ሲመጣ ያሸቱታል። እርጥበቱ ያልወጣለት ከሆነ ፊታቸውን ያጨማድዱና ግድግዳ ያስደግፉታል፤ ደንበኛ ቢለምን ቢቆጣ ለወራት አይነኩትም። የተገጠመ ጥግ ሲያዩ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር በመጋጠሚያው ላይ ያስኬዱታል። ጥፍሩ ቢያዝም ምንም አይሉም፤ ባይያዝም ምንም አይሉም። ማመስገን የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም።

አንድ ነገር ብቻ አለ። ምሳቸውን የሚበሉት ሣጥን ላይ ተቀምጠው ነው። ወንበር በሞላበት ቤት ወንበር ላይ አይቀመጡም። ተሠርቶ ካለቀው ሣጥን አንዱን ይመርጡና፣ ጋቢያቸውን አጥፈው ያነጥፉበትና፣ ይቀመጡበታል። ሣጥኑ ከሥራቸው ሲጢጥ ካላለ ምሳቸውን እዚያው ይጨርሳሉ። ምስጋናቸው ያ ነው። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የሚቀመጡት ደግሞ ሁልጊዜ አለኸኝ በሠራው ላይ ነው። ሁልጊዜ።

እኔ የምመኘው አንድ ቀን ብቻ ነበር። አንድ ምሳ።

ስለ ጥጉ ትንሽ ላስረዳ። የሣጥን ጥግ ሁለት ሳንቃ የሚገናኝበት ነው። በምስማር መምታት ይቻላል። ጥሩ ሠራተኛ ግን ጥርስ ያወጣለታል። ጥርሱ እንደ እርግብ ጭራ ነው፤ ሥሩ ጠበብ፣ ጫፉ ሰፋ ያለ። በአንዱ ሳንቃ ላይ ጭራው ይወጣል፤ በሌላው ላይ ጭራው የሚገባበት ጎድጓዳ ይቆፈራል። አንዴ ከተቆላለፈ ወደ ጭራው አቅጣጫ ቢጎትቱት አይለቅም። ጋሽ አድማሱ «የእርግብ ጭራ» ይሉታል።

አለኸኝ ጭራውን በመጋዝና በመሮ ነው የሚያወጣው። የማዕዘን መለኪያ ስኳድራ አያነሣም። በጥፍሩ ሳንቃውን ጫር ያደርግና ይቆርጣል፤ ልክ ይሆናል። እኔ በስኳድራ ለክቼ፣ በእርሳስ አስምሬ፣ ትንፋሼን ውጬ እቆርጣለሁ፤ ስገጥመው በመሐሉ ብርሃን ይገባል። ቀለም ቀቢያችን ደሳለኝ ቀልደኛ ነው።

«የስማቸው ሣጥን መስኮት አለው» ይል ነበር። «ውስጡ የሚቀመጠው ልብስ እንዳይታፈን አስቦለት ነው እኮ!»

ሁሉም ይስቃል። አለኸኝም ይስቃል። ከሳቀ በኋላ ግን መጥቶ ስንጥር እንጨት በኮላ ነክሮ መስኮቴን ይደፍንልኛል። ከሳቁ ይልቅ የምጠላው ያንን ነበር።

በሦስተኛው ዓመቴ ከቡሬ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። ማረፊያ ቤት የሚከፍት ሰው ለየክፍሉ ኮሞዲኖ ፈለገ፤ ኮሞዲኖው ሁሉ መሳቢያ አለው፤ መሳቢያው ሁሉ አራት ጥግ አለው። በእጅ የሚደረስ አልነበረም። ጋሽ አድማሱ ከአዲስ አበባ ራውተር አስመጡ። ሁለት እጀታ ያለው፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ሞተር ነው። ከሥሩ እንደ እርግብ ጭራ የተሞረደ ምላጭ ይሽከረከራል። አብሮት እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጥርስ ያለው ብረት መጣ። ሁለቱን ሳንቃ ከማበጠሪያው ሥር ታስራለህ፤ ራውተሩን በማበጠሪያው ጥርሶች መሐል ታስኬደዋለህ፤ ጭራውም ጎድጓዳውም በአንድ ጊዜ ይወጣል።

በእሽጉ ውስጥ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ጋሽ አድማሱ ገለበጡት፣ ዘቀዘቁት፣ ለአለኸኝ ሰጡት። አለኸኝ ሳያየው ለእኔ አቀበለኝ።

«የተማረው እሱ ነው፤ እሱ ያንብበው» አለ።

ያለው በክብር ነው፤ ዛሬ ይገባኛል። ያን ጊዜ እንደ ምጽዋት ነው የሰማሁት። ቢሆንም ተቀበልሁ። በልቤ «እንግዲህ ተገናኘን» አልሁ። እጁ የእሱ ከሆነ፣ ማሽኑ የእኔ ይሁን። ወረቀቱን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ መልሼ በደብተር ጻፍሁት። ደብተሩን ማንም እንዲያይ አልፈልግም ነበር።

ማሽን ስለ ሆነ ቀላል ይመስላል። አይደለም። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ቁራጭ አስሬ ገፋሁት፤ ጭራዎቹ ጠርዛቸው ተቦጫጭቆ፣ ጠቁሮ ወጣ። ቀስ ብዬ ስገፋ ተቃጠለ፣ ፈጥኜ ስገፋ ተቀደደ። ቆይቼ ነው ልኩን ያገኘሁት። ቀጥሎ ጭራው ላላብኝ። ላላ ማለት ብዙ ቆረጥሁ ማለት ነው ብዬ ምላጩን አሳጠርሁት፤ ጭራሽ ተንቋቋ። ነገሩ ተቃራኒ ነው፤ ምላጩ ወደ ታች ሲረዝም ይጠብቃል፣ ሲያጥር ይላላል። ልዩነቱ የወረቀት ውፍረት ያህል ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ሳምንት ሙሉ ማገዶ ሠራሁ። አንድ ቀን ደግሞ ቆርጬ ስጨርስ ራውተሩን ወደ ላይ አነሣሁት። ምላጩ እየተሽከረከረ ወደ ላይ ሲወጣ ያወጣሁትን ጭራ በላው፤ የማበጠሪያውንም አንድ ጥርስ ነከሰው። ራውተር ወደ ራስ ተጎትቶ ነው የሚወጣው እንጂ አይነሣም። ወረቀቱ ላይ ነበር። አንብቤው ነበር።

ከሁሉ የባሰው የመጀመሪያው ሙሉ መሳቢያ ነው። ጭራው ቁልፍ ብሎ ገጠመ። እየሮጥሁ ለጋሽ አድማሱ ወሰድሁት። አዩትና ለደሳለኝ አቀበሉት።

«አይ ስማቸው!» አለ ደሳለኝ። «ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል እኮ!»

እውነቱን ነው። በማበጠሪያው ላይ ሳንቃ ሲታሰር ውስጡ ወደ ውጭ ነው የሚሆነው። እኔ ያማረውን ፊት ወደ ውጭ አድርጌ አሰርሁት፤ ሲገጠም ያማረው ወደ ውስጥ ገባ፣ ጉጡና ያልተላገው ወደ ውጭ ወጣ። አለኸኝ መሳቢያውን ተቀብሎ አየውና አልሳቀም።

«ይዟል እኮ» አለ። «ቢገለበጥም ይዟል።»

እኔ ግን ቢስቅብኝ እመርጥ ነበር።

ቀስ በቀስ ገባኝ። የረዳኝም እሱ ነው፤ መጻፍ ስላለብኝ እጽፈዋለሁ። ከሰዓት በኋላ መብራቱ ሲደክም የራውተሩ ድምፅ ይወፍራል። እኔ አልሰማውም ነበር። አለኸኝ ፊቱን ወደ ራሱ ሥራ እንዳዞረ፣ መሮውን ሳያቆም «ወፈረ፣ ቁም» ይለኛል። እቆማለሁ። ድምፁ ሲቀጥን «አሁን ሂድ» ይላል። ማሽኑን ነክቶት አያውቅም፤ በጆሮው ግን ከእኔ ቀድሞ ተማረው። በዚህ ሌሊቱን ሙሉ ስንገበገብ ያደርሁበት ቀን አለ።

አሁን ስለ ገመዱ ልናገር።

መብራት በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ይሄዳል። የአሮጌ ማሽን ማጥፊያ አይታመንም፤ የበራ ይሁን የጠፋ ሳታውቅ መብራቱ ከች ይላል። ስለዚህ ጋሽ አድማሱ ሕግ አወጡ። መብራት ሲሄድ «ገመድ!» ብለው ይጮኻሉ። ሁሉም ሰው የማሽኑን ገመድ ከግድግዳው ይነቅልና ጫፉን አንገቱ ላይ ያደርጋል። እሳቸው ዞር ዞር ብለው አንገታችንን ያያሉ። ገመድ ካለ አለ፤ ከሌለ ያ ሰው ያን ዕለት ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። እኔ ከመግባቴ በፊት የእህታቸውን ልጅ በዚህ ምክንያት ማባረራቸውን ሰምቻለሁ።

ክረምት ነበር። ከትእዛዙ የቀረው ጥቂት ነው። ያን ቀን ጠዋት ጋሽ አድማሱ ከመሳቢያዎቼ አንዱን አንሥተው ጥፍራቸውን አስኬዱበት። ሳይያዝ አለፈ። ምንም አላሉም፤ ግን ሁለተኛውንም አነሡ። ሁለተኛ አንሥተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ለራሴ አንድ የዋንዛ ሣጥን በራውተር ሠርቼ ነበር። ምሳ በሚበሉበት ጥግ፣ ከአለኸኝ ሣጥን ጎን፣ ሆን ብዬ አስቀምጬዋለሁ። ዛሬ ይቀመጡበታል ብያለሁ።

ስድስት ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። ምላጩ ሳንቃው ውስጥ እንዳለ ቆመ። ደሳለኝ ገበያ ወጥቶ ነበር፤ የእሱ ማለስለሻ ማሽን ገመድ ከእኔው ጎን እንደ ተሰካ ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው።

«ገመድ!» አሉ ጋሽ አድማሱ። አንገት አንገታችንን አዩና፣ የምሳ ሰዓትም ስለ ነበር፣ ጋቢያቸውን ይዘው ወደ ጥጉ ሄዱ።

እኔ እጄን ወደ ግድግዳው የሰደድሁት፣ ገመዱን የነቀልሁት፣ አንገቴ ላይ ያደረግሁት ዓይኔን ከእሳቸው ሳልነቅል ነው። የእኔ ሣጥን ጋ ደረሱ። ቆም አሉ። አለፉት። ጋቢያቸውን የአለኸኝ ሣጥን ላይ አነጠፉ።

ያን ጊዜ ያሰብሁትን መጻፍ አለብኝ፤ ካልጻፍሁት ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። የእናቴን ልጅ ጠላሁት። «ምነው እጅ ባይኖረው» አልሁ በሆዴ።

አለኸኝ ወደ እኔ መጣ። የራሱ ገመድ አንገቱ ላይ ነው። የእኔን አንገት አየ፤ ገመድ አለ። ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራውን እፍ አለው። ጣቶቹን በሳንቃው ጠርዝ አስገብቶ ያወጣኋቸውን ጥርሶች አንድ በአንድ ዳሰሳቸው።

«ስማቸው» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ይህማ ከእኔ ይሻላል።»

መብራት መጣ።

ከዚያ በኋላ ያለውን በተርታ አላስታውሰውም። «አያ!» ብዬ ጮኼ ነበር። በዕድሜዬ ያን ጊዜ ብቻ ነው አያ ያልሁት። ማጥፊያውን መታሁት። ጋሽ አድማሱ ከጋቢያቸው ጫፍ ቀድደው እጁን ሲጠቀልሉት፣ አንገቴ ላይ ያለውን ገመድ በዓይኔ ተከተልሁት። የሚሄደው ወደ ደሳለኝ ማለስለሻ ነው። አውልቄ ጠረጴዛው ሥር ጣልሁት።

«ማነው የሰካው?» ጮኹ ጋሽ አድማሱ። «የስማቸው ገመድ አንገቱ ላይ ነበር፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ! ማን ሰካው?»

አፌን ከፈትሁ።

«እኔ ነኝ» አለ አለኸኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። «መብራት የመጣ መስሎኝ... እኔ ሰካሁት።»

ቀኝ እጁ ላይ ሌባ ጣቱና መሐል ጣቱ ከመካከላቸው ሄዱ። ድኖ ሲመለስ መጋዝ ይዞ ማቅናት አልቻለም። አንድ ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ጠየቅሁት።

«ለምን ዋሸህ?»

«አንተን ያባርሩህ ነበር፤ የት ልትገባ? እኔን ከነቁስሌ አያባርሩኝም።»

አላባረሩትም። ግን ምሳ ሲደርስ ጋሽ አድማሱ ጋቢያቸውን ከተሰቀለበት አላነሡም። ግድግዳ ተደግፈው ቆመው በሉ። በማግሥቱም ቆመው በሉ። ደሳለኝ «ምነው ጋሽ አድማሱ፣ አይቀመጡም?» ቢላቸው፣ «ወገቤን ያመኛል» አሉ። ለሁላችንም ገባን። አለኸኝ ላይ የነበራቸው እምነት ነው የታመመው። ሌላ ሰው ገመድ ቢረሳ ያባርሩታል፤ ይረሱታል። የእሱ ግን ከበዳቸው። አለኸኝ በየምሳው አንገቱን ደፍቶ እሳቸው ቆመው ሲበሉ ይሰማል።

እኔስ? መጀመሪያ ደስ አለኝ። እኔ ያላገኘሁትን እሱም አጣ። ደስታዬ ግን ሳምንት አልቆየም። የዋሸው ለእኔ ነው፤ ያጣው ለእኔ ነው፤ አሁንም የሚበልጠኝ እሱ ነው። ደግነቱን እንኳ ቀናሁበት። አንዲት ቃል ብናገር ጋቢው ከተሰቀለበት ይወርድ ነበር። አልተናገርሁም።

ክረምቱ ሲወጣ ቡሬ፣ የነቀምት መንገድ መገንጠያ አጠገብ አንድ የቤት ዕቃ መሥሪያ ገባሁ። ደመወዙ ይሻላል ብዬ ነው ለሰው የነገርሁት። ባለቤቱ የቸኮለ ሰው ነው። «ጥጉን ማን ያይልሃል? ምስማር ምታበትና አውጣ!» ይለኛል። ሦስት ዓመት እዚያ ሠራሁ። ሲፈቀድልኝ በራውተር ጭራ አወጣለሁ፤ ሳይፈቀድልኝ ሲቀር ምስማር እመታለሁ። እዚያ አለኸኝን የሚያውቅ ሰው የለም። «እጀ ወርቅ» አሉኝ። ስሰማው የሌላ ሰው ጫማ ያደረግሁ ያህል ነበር።

አለኸኝ በስልክ «ሆዴን ያመኛል» አለኝ። ሐኪሞቹ ከፍኖተ ሰላም ወደ ባሕር ዳር ላኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው አስከሬኑን ይዘን ወደ አገራችን ወጣን። ሴቶቹ ስለ እጁ አለቀሱ። በየቤቱ ያለውን ሣጥንና በር እየጠሩ አለቀሱ። እናቴ ሁለቱ ጣቶቹ የጎደሉትን እጁን እየጠራች አለቀሰች። እኔ ከሬሳው ራስጌ ቆሜ፣ እኔ ብሞት ምኔን እየጠሩ ያለቅሱ ይሆን ብዬ አሰብሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፤ እዚያም ቀናሁ።

ለአርባው ጋሽ አድማሱ ዳገቱን ወጥተው መጡ። ሲሄዱ ጠሩኝና፣ «መሣሪያዎቹን ና ውሰድ፤ አንድ ያልጨረሳት ነገርም አለች» አሉኝ።

በሳምንቱ ፍኖተ ሰላም ሄድሁ። ደሳለኝ አቅፎኝ አለቀሰ። ጋሽ አድማሱ ወደ ራውተሩ ጠረጴዛ ወሰዱኝ። ጠረጴዛው ላይ ክዳን የሌለው የዋንዛ ሣጥን አለ።

«የማን ትእዛዝ ነው?» አልሁ።

«የማንም። ልማር ብሎ ነው። ማታ ማታ ሥራ ሲያልቅ ራውተሩን በግራ እጁና በቀኙ በቀሩት ሦስት ጣቶች ይገፋው ነበር።»

«መስኮት የለውም» አለ ደሳለኝ ከኋላዬ። ለመቀለድ ሞክሮ ነበር።

ጥፍሬን በመጋጠሚያው ላይ አስኬድሁ። አልያዘም። ሁለተኛው ጥግ፤ አልያዘም። ወንድሜ አፈር ውስጥ ነው፤ እኔ ጥፋቱን እፈልጋለሁ። ሣጥኑን ወደ እኔ አዞርሁት። የፊተኛው ሳንቃ ጉጡና ያልተላገው ጀርባው ወደ ውጭ ነው። ውስጡን ጎንበስ ብዬ አየሁ። ያማረው የዋንዛ መልክ ውስጥ ነው ያለው።

ሸሚዙን ገልብጦ ለብሷል። አለኸኝ፣ እጀ ወርቁ፣ የእኔን የመጀመሪያ ስሕተት ተሳስቷል።

ስድስት ዓመት ስፈልግበት የኖርሁት ጥፋት ይኸው ተገኘ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ማበጠሪያው ሥር ደብተሬን አየሁ፤ ቡሬ ስሄድ ትቼው የሄድሁት ነው። «የሳንቃው ውስጥ ወደ ውጭ» ብዬ ከጻፍሁት ጎን፣ በግራ እጅ የተጻፈ፣ ጠማማ ፊደል አለ። «ይህን ረሳሁ። ስማቸውን እጠይቀዋለሁ» ይላል።

አልጠየቀኝም። ወይም ሊጠይቀኝ በደወለ ጊዜ ሆዱን ያመው ነበር።

«ጋሽ አድማሱ» አልሁ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልሁም፤ ለሣጥኑ ነው የተናገርሁት። «ያን ቀን አንገቴ ላይ የነበረው የደሳለኝ ማሽን ገመድ ነው።»

«ምን አልህ?»

«የእኔ አልተነቀለም ነበር። ሳላይ የደሳለኝን ነቀልሁ። አለኸኝ አልሰካም። እጁን ያስገባው የእኔን አንገት አይቶ፣ አምኖኝ ነው።»

ደሳለኝ የቀለም ብሩሹን አስቀመጠ። ጋሽ አድማሱ ቢመቱኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«ሦስት ዓመት» አሉ። «ሦስት ዓመት አቆምኸኝ። እሱንም አስጎነበስኸው።»

ወደ ግድግዳው ሄደው ጋቢውን ከተሰቀለበት አወረዱት። ጫፉ የተቀደደው ያው ጋቢ ነው። ሰጋቱራውን አራገፉለት። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ሲገባኝ ተንደርድሬ፣

«ይቆዩኝ፣ ጋሽ አድማሱ፤ ሳንቃው ተገልብጧል፤ ክዳንም የለውም። ልፍታውና ላስተካክለው፣ አንድ ሰዓት አይፈጅብኝም» አልኋቸው።

«አትንካው።»

በአፉ ላይ አንድ ሰፊ ሳንቃ ጋደም አደረጉበት፤ ጋቢውን ሁለት ጊዜ አጥፈው አነጠፉ፤ በሁለት እጃቸው ጠርዙን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ተቀመጡበት። ሣጥኑ ሲጢጥ አላለም። ምሳቸውን አልያዙም ነበር። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጥጉን አንድ ጊዜ አስኬዱት፤ ከዚያ እጃቸውን እዚያው ተዉት።

መብራት ነበር፤ ማሽን የሚያስነሣ ግን ጠፋ። ደሳለኝ ቆመ። እኔም ቆምሁ። ተቀመጥ ያለኝ ሰው አልነበረም። የተገለበጠችውን ሳንቃ፣ በእሳቸው እግሮች መሐል ያፈጠጠውን ጉጥ እያየሁ፣ ወንድሜን ቀናሁበት።